ጊቤ ቁልቁለት ላይ የማይከዳ ፍሬን፦ ፓድና ዘይት ከመምረጥ እስከ ማለማመድ

«ፓድ ከቀየርኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። ጊቤን ስወርድ ግን ፔዳሉ ወለል ነካ።»

ከጅማ አዲስ አበባ ከሚመላለሱ ሰዎች ይህን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በእኔም ደርሷል። ነሐሴ ነበር። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ አብረውኝ ነበሩ፤ ኋላ ሻንጣውና አንድ ጆንያ ቡና። አበልቲን አልፈን ወደ ጊቤ ወንዝ ድልድይ ስንወርድ መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ቀጥሎ ፔዳሉ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ የረገጥኩ ያህል ለሰለሰ። ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ማርሽ ወደ ሁለት አወረድኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳብኩ፣ ዳር ይዤ ቆምኩ። አርባ ደቂቃ ያህል ከጠበቅን በኋላ ፔዳሉ ተመለሰ። ወልቂጤ ላይ አንድ መካኒክ የፍሬን ዘይት ዕቃውን ከፍቶ አሳየኝ። ዘይቱ ጠቁሮ ቡና መስሏል። ፓዱን የቀየረልኝ ጋራዥ «ዘይቱ ገና ነው» ብሎኝ ነበር፤ እኔም ክዳኑን ከፍቼ አላየሁም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። ፓድ እንቀይራለን፣ ዘይቱን እንተዋለን፣ አዲሱን ፓድ ከዲስኩ ጋር ሳናለማምድ ቁልቁለት ላይ እንወስደዋለን። ከዚህ በታች ያለው ይህን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትክክል ለመሥራት ነው።

መመሪያው ለቤት መኪና ነው፤ ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ያሪስና እነሱን የመሰሉ፣ ፊት ዲስክ ኋላ ታምቡር ያላቸው። የአይሱዙና የከባድ መኪና አሠራር ሌላ ስለሆነ እዚህ አይገባም። ፊት ዲስኩን ግራና ቀኝ የሚጨብጠውን «ፓድ»፣ ኋላ ታምቡሩን ከውስጥ የሚይዘውን «ሸራ» እያልኩ እሄዳለሁ።

በመጀመሪያ፦ የምትታገሉት ከሙቀት ጋር ነው

ፍሬን መኪናን የሚያቆመው እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ለስሌት ያህል 600 ሜትር ከፍታ ወረዳችሁ እንበል። ሞተሩና ንፋሱ ባያግዙ፣ ፍሬናችሁ የሚሸከመው ሙቀት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ 24 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ከመቆም ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ በቁልቁለት መሐል የማቀዝቀዣ ፋታ አለመኖሩ ነው። በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ የስፖርት መኪና ፍሬን የሚፈተነውም በዚሁ ነው፤ ሙቀት ላይ ሙቀት ይደራረብበታል።

ስለዚህ ከጅማ ከተማ ለማይወጣ መኪና የሚበቃ ፍሬን ለጊቤ ላይበቃ ይችላል። ፈረንጅ አራዳና መርካቶ መሐል ስትመላለሱ ዲስኩ ብዙም አይግልም። ጉድለቱ የሚወጣው ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን መርምሩ

ጎማውን ፈትታችሁ አምስት ነገር እዩ።

1. የፓዱ ውፍረት። አዲስ ፓድ ከብረት ጀርባው ውጪ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው። 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ቀይሩ። ረጅም መንገድ የምትሄዱ ከሆነ እኔ 4 ላይ እቀይራለሁ፤ የሳሳ ፓድ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ዘይቱ ያሳልፋል።

2. የውስጡና የውጪው ፓድ ልዩነት። ሁለቱን አወዳድሩ። አንዱ ከሌላው በጣም ካለቀ ካሊፐሩ (ፓዶቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል ወይም ፓዱን የሚገፋው ፒስተን ተጣብቋል ማለት ነው። ክረምቱ ረጅም በሆነበት፣ ቀይ ጭቃ ጎማ ውስጥ በሚጋገርበት በእኛ አገር ይህ ችግር ብዙ ነው። ፒኑን ሳታስተካክሉ አዲስ ፓድ ብታስገቡ ያው ይደገማል።

3. የዲስኩ ውፍረት። ዲስኩ ላይ የሚፈቀደው ትንሹ ውፍረት በሚሊ ሜትር ተቀርጿል፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉና ፈልጉት። በቬርኒየር (በውፍረት መለኪያ) ለኩ። ጠርዙ ላይ ዝገት ስለሚከመር ፓዱ የሚያርፍበትን ቦታ ለኩ።

4. የጎማ ቱቦዎቹ። የፍሬን ቱቦውን አጠፍ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። እርጥበት ካለበት ወይም ካበጠ ቀይሩት። ይህ ለነገ አይባልም።

5. የዘይቱ ቀለም። አዲስ ዘይት ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ነው። ከጠቆረ አርጅቷል። ቀለሙ ደህና ስለመሰለ ብቻ ግን አትመኑት፤ ውሃ የገባበት ዘይትም ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ከ2 ዓመት ካለፈው ይቀየር።

ማስጠንቀቂያ፦ «ቶርኖ እናስመታው» ሲሏችሁ መጀመሪያ መጠኑን ጠይቁ። ዲስክ ቶርኖ ላይ በተላጠ ቁጥር ይሳሳል። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚይዝበት ብረት የለውም፣ ቶሎ ይግላል። ከተላጠ በኋላ ከተቀረጸው ቁጥር በታች የሚወርድ ከሆነ አዲስ ግዙ። በዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብን አልመክርም።

ደረጃ 2፦ ፓድ መምረጥ

አሮጌውን ፓድ ይዛችሁ ሂዱ። ሊብሬውንም ያዙ፤ ያው ሞዴል ሆኖ ዓመቱ ሲለያይ ፓዱም ሊለያይ ይችላል።

*ሦስቱ ዓይነቶች*

ኦርጋኒክ፦ ድምፅ የለውም፣ ዲስክ አይበላም፣ ሲቀዘቅዝም ጥሩ ይይዛል። ሲግል ግን ቶሎ ይደክማል። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ይበቃል። ጊቤን ለሚወርድ አልመርጠውም።

ሰሚ ሜታሊክ፦ የብረት ብናኝና ጭረት የተቀላቀለበት ነው። ሙቀት ይችላል። ጥቁር ብናኝ ይበዛዋል፣ አንዳንዴ ጠዋት ላይ ይጮኻል፣ ዲስክም ትንሽ ይበላል። በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ረጅም ቁልቁለት ለሚወርድና መኪናውን ሞልቶ ለሚጭን ምርጫዬ ይህ ነው።

ሴራሚክ፦ ጸጥ ያለ፣ ብናኙ ትንሽ፣ ዲስክ ላይ ለስላሳ ነው። ዋጋው ወደድ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ጅማ ውስጥ ለሚነዳና አልፎ አልፎ አዲስ አበባ ለሚወጣ ጥሩ ነው።

*ፓዱ ላይ ያሉትን ሁለት ፊደሎች አንብቡ*

ብዙ ፓዶች ጠርዝ ላይ ከተጻፈው ኮድ ውስጥ ሁለት የላቲን ፊደል አብረው ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ፓዱ ቀዝቀዝ ሲል፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። «ኢ» ማለት የመያዝ ልኩ ከ0.25 እስከ 0.35 ነው። «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45። «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55።

ቢያንስ ኤፍ ኤፍ የሚል ፈልጉ። የመጀመሪያው ኤፍ ሆኖ ሁለተኛው ኢ ከሆነ ሲግል እየደከመ ይሄዳል ማለት ስለሆነ ተዉት። ፊደሎቹ የመያዝ አቅሙን እንጂ ዕድሜውንና ጥንካሬውን አይናገሩም፤ ስለዚህ በእነሱ ብቻ አትወስኑ። ኢ ፊደል ከነቁጥሩ በክብ ውስጥ ካለና አጠገቡ 90 ቁጥር ያለበት «አር» ካያችሁ፣ በአውሮፓ የመለዋወጫ ፓድ ደንብ ጸድቋል ማለት ነው። ይህ ተጨማሪ መተማመኛ ነው።

*ሱቅ ውስጥ የምታዩት*

የታወቀ ስም ያለው ካርቶን ውስጥ ሁሌ ያ ዕቃ አለ ማለት አይደለም። ሻጩ «ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው፣ እመነኝ» ቢላችሁም ካርቶኑን ሱቁ ውስጥ ክፈቱና እንዲህ አድርጉ፦

- አራቱንም ፓድ ጎን ለጎን ደርድሩ። ኮዱ አራቱም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።
- የፓዱና የብረት ጀርባው መጋጠሚያ ላይ ክፍተት ካለ መልሱት።
- ጠርዙን በጥፍራችሁ ጫን ብላችሁ ፈግፍጉ። የሚፈረፈር ከሆነ አትግዙ።
- የብረት ጀርባውን ከአሮጌው ጋር ግጠሙ። ጆሮዎቹ በልክ መግጠም አለባቸው። «ትንሽ ሞርዶ ይገባል» የሚባለውን አትቀበሉ።
- አሮጌው ላይ ሲያልቅ የሚጮኽ ቀጭን ብረት ካለ፣ አዲሱም ላይ መኖሩን እዩ።
- የቶዮታ የራሱ ፓድ ነው ካሏችሁ ካርቶኑ ላይ ያለውን የዕቃ ቁጥር እዩ። የፊት ፓድ በ04465 ይጀምራል። የኋላ ፓድ 04466 ነው፣ የኋላ ሸራ ደግሞ 04495። ቁጥሩ መኖሩ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የማይገጥም ቁጥር ግን በቂ ምክንያት ነው፤ ትታችሁ ውጡ።

*የእሽቅድምድም ፓድ ልግዛ?*

አትግዙ። ይህን ጥያቄ የሚያነሱት ወጣቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከዱባይ አስመጥተዋል። የእሽቅድምድም ፓድ የተሠራው ገና ከመነሻው ግሎ እንዲሠራ ነው። ሲቀዘቅዝ አይዝም። ጠዋት ከቤት ስትወጡ፣ ልጅ ድንገት መንገድ ሲያቋርጥ፣ የሚያስፈልጋችሁ በመጀመሪያው ርግጫ የሚይዝ ፓድ ነው። ዲስክም ይበላል፣ ጩኸቱም አያስቀምጥም። የተበሳሳ ዲስክም እንደዚሁ ነው። ያምራል፤ ነገር ግን ደጋግሞ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ከቀዳዳዎቹ ዙሪያ መሰንጠቅ ይጀምራል። ያልተበሳ፣ መሐሉ የአየር መተላለፊያ ያለው፣ ውፍረቱ ሙሉ የሆነ ዲስክ ለእኛ መንገድ ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ዘይት መምረጥ

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃና ፓዳችሁ ገና ከሆነ፣ ዘይቱን ቀይሩ።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ውሃ ሲገባበት የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ሲፈላ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ትነት ይፈጠራል። ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፣ ትነት ግን ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል የሚነካው ለዚህ ነው። ሲቀዘቅዝ ትነቱ ተመልሶ ዘይት ስለሚሆን ፔዳሉ ይመለሳል። ብዙ ሰው «ደህና ሆነ» ብሎ ይቀጥላል። ደህና አልሆነም። በሚቀጥለው ቁልቁለት ይደገማል።

የፍሬን ዘይት ደረጃ «ዶት» በሚል ቁጥር ይጻፋል። ለእያንዳንዱ ደንቡ የሚጠይቀው ዝቅተኛ የመፍያ ልክ ይህ ነው፦

- ዶት 3፦ አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ውሃ ሲገባበት 140።
- ዶት 4፦ አዲስ ሲሆን 230፣ ውሃ ሲገባበት 155።
- ዶት 5.1፦ አዲስ ሲሆን 260፣ ውሃ ሲገባበት 180።

ያረጀ ዶት 4 ከአዲስ ዶት 3 እንደሚያንስ አስተውሉ። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ለዓመታት አይተውም።

መኪናችሁ ዶት 3 የሚል ከሆነ ዶት 4 መጠቀም ትችላላችሁ፤ ዓይነታቸው አንድ ነው። ለጊቤ ዶት 4 በቂ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ዶት 5 እና ዶት 5.1 አንድ አይደሉም። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ሱቅ ውስጥ ነጥቧንና አንዷን አይታችሁ ግዙ። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ደግሞ በፍጹም የፍሬን ዕቃ ውስጥ አይገባም። ጎሚኒዎቹን (የጎማ ማሸጊያዎቹን) ያሳብጣቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም የጎማ ክፍል መቀየር አለበት።

ማሸጊያው ያልተከፈተ ግዙ። ግማሽ ሊትር ለአንድ ዙር ቅያሪ ላይበቃ ስለሚችል ሁለት ግማሽ ሊትር ያዙ። የተረፈውን ለከርሞ አታስቀምጡ። የጅማ አየር እርጥብ ነው፤ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ ሳትጠቀሙበት ያረጃል።

ደረጃ 4፦ ዕቃ አሰናዱ

ክሪክ፣ ካቫሌቶ (የተነሣው መኪና የሚያርፍበት መቆሚያ)፣ ሁለት ታኮ፣ የጎማ መፍቻ፣ የመፍቻ ስብስብ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የእጅ ሞርሳ፣ ጠንካራ ሽቦ፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ ለፍሬን ፒን የሚሆን የሲሊኮን ግራሶ፣ ውስጧን የምታሳይ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ጓንትና የአፍ ጭንብል።

ስለ ግራሶው ልድገመው። ለብሎን ክር የሚቀባው ተራ ግራሶ ፒኑ ላይ አይቀባም። የነዳጅ ዘር ያለበት ቅባት የፒኑን የጎማ ሽፋን ያሳብጠዋል፣ ፒኑም ይጣበቃል። በቤንዚን ማጠብም እንዲሁ ነው። ማጽጃ ስፕሬይ ካጣችሁ ካሊፐሩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

ብናኙን በአፍ ወይም በኮምፕረሰር አትንፉ። አንዳንድ አሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ነበር፤ ሳንባ ይጎዳል። እርጥብ አድርጋችሁ ጥረጉ።

ደረጃ 5፦ ፓዱን ቀይሩ

ደልዳላ ቦታ ላይ ቁሙ። ግቢያችሁ አፈር ከሆነ ክሪኩ ስር ሰፋ ያለ ጣውላ አድርጉ። ዝናብ የጠጣ ቀይ አፈር ላይ ክሪክ ይሰምጣል፣ መኪናው ይንሸራተታል።

1. የኋላ ጎማዎችን በታኮ ያዙ። የፊት ጎማ ብሎኖችን መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጉ። ከዚያ አንሡና ካቫሌቶ አስገቡ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር እጅም አይግባ።
2. የሁለቱንም የፊት ጎማዎች ፓድ ቀይሩ። አንድ ወገን ብቻ አይቀየርም፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። ሥራውን ግን ተራ በተራ ሥሩ። ግራውን ጨርሳችሁ ወደ ቀኝ እለፉ። ከጠፋባችሁ ያልተፈታውን አይታችሁ ትገጥማላችሁ።
3. የካሊፐሩን የታችኛውን ብሎን ፍቱና ካሊፐሩን ወደ ላይ ገልብጡ። ሙሉ በሙሉ ካወጣችሁት በሽቦ ከስፕሪንጉ ጋር እሰሩት። በቱቦው አታንጠልጥሉት። ቱቦው ውስጥ ለውስጥ ሊቀደድ ይችላል፣ ከውጪ አይታይም።
4. አሮጌ ፓዶቹን አውጡ። የትኛው ከውስጥ፣ የትኛው ከውጪ እንደነበር በስልካችሁ ፎቶ አንሡ።
5. ፓዱ የሚቀመጥበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ ጥረጉ። አዲሱ ፓድ በእጅ ሲገፋ ወዲያ ወዲህ ማለት አለበት። መዶሻ ካስፈለገ ዝገት ቀርቷል ማለት ነው።
6. ሁለቱን ፒኖች ሳቡ። አሮጌውን ግራሶ ጥረጉና በሲሊኮን ግራሶ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። በጣት ሲገፉ ያለ ችግር መንሸራተት አለባቸው። ይህን ደረጃ የሚዘለው ጋራዥ ብዙ ነው። አጠገቡ ቁሙና እዩ።
7. ፒስተኑን መልሱ። ላስቲክ ቱቦዋን ካሊፐሩ ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ሰክታችሁ ጫፏን ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ፣ ብሎኑን ላላ አድርጉ፣ ከዚያ አሮጌውን ፓድ ፒስተኑ ላይ አስደግፋችሁ በሞርሳው ቀስ ብላችሁ ግፉ። ፒስተኑ ገብቶ ሲያልቅ፣ ሞርሳውን ሳትለቁ፣ ብሎኑን ዝጉ። እንዲህ ሲሆን ቆሻሻው ዘይት ወደ ላይ አይመለስም።
8. አዲሱን ዲስክ ከገጠማችሁ የፋብሪካ ዘይቱን በማጽጃ አጥቡ። የፓዱን ፊት በቅባታም እጅ አትንኩ።
9. ፓዶቹን ግጠሙ፣ ካሊፐሩን መልሱ፣ ብሎኑን አጥብቁ።
10. ጎማውን መልሱና ብሎኖቹን ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። የብዙዎቹ ኮሮላዎች ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ያለው መፍቻ ከሌላችሁ በእጃችሁ ጠበቅ አድርጉ፤ መፍቻው ላይ በእግር አትቁሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሞተር አስነሥታችሁ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ እርገጡ። ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው። ይህን የረሳ ሰው ከግቢ ሲወጣ በሩን ይዞ ይሄዳል።

*ፒስተኑ አልገፋ ካለ*

ብሎኑ ክፍት ሆኖ እንኳ ካልገባ በጉልበት አትታገሉት። ዝጓል። ጎሚኒው የሚቀየርበት ጥገና ወይም ሌላ ካሊፐር ያስፈልገዋል። እንዳለ ብትገጥሙት ፓዱ ዲስኩን አይለቅም፣ ቀጥ ባለ መንገድም ይግላል።

ደረጃ 6፦ ዘይቱን ቀይሩ

ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ፔዳል ላይ፣ አንዱ ጎማ ስር።

1. የዘይት ዕቃውን ዙሪያ ከጥራጊና ከአቧራ አጽዱ። አሮጌውን ዘይት በሲሪንጅ ሳቡና አዲስ ሙሉ። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ አጥቡ፤ ቀለም ይልጣል።
2. ከሩቁ ጎማ ጀምሩ፦ ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ። የመኪናችሁ መመሪያ ሌላ ቅደም ተከተል ካለው እሱን ተከተሉ።
3. «ርገጥ» በሉ። የረገጠው ሰው «ይዣለሁ» ሲል ቱቦዋ የተሰካችበትን የአየር ማስወጫ ብሎን ክፈቱ። ዘይቱ ይወጣል፣ ፔዳሉ ይወርዳል። ብሎኑን ዝጉ፣ ከዚያ «ልቀቅ» በሉ። ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል።
4. ቱቦዋ ውስጥ ንጹሕ ዘይት እስኪመጣና አረፋ እስኪጠፋ ድገሙት።
5. በየአምስት ርግጫው የዘይት ዕቃውን እዩና ሙሉ። ከጎደለና አየር ከገባ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ።

በአሮጌ መኪና ላይ ፔዳሉን እስከ ወለል አታስረግጡ። ከፔዳሉ ስር ጣውላ አድርጉ። ፔዳሉ የሚገፋው የዋናው ሲሊንደር ጎሚኒ ለዓመታት ያልደረሰበት ዝገት ላይ ከሄደ ሊቀደድ ይችላል። ዘይቱን ከቀየሩ በኋላ ፔዳሉ ቀስ እያለ ብቻውን የሚወርድ ከሆነ ይህ ደርሷል ማለት ነው፤ መኪናው ከግቢ አይውጣ።

ደረጃ 7፦ ፓዱን አለማምዱ

አዲስ ፓድ ከዲስኩ ጋር ገና አልተዋወቀም። ፊቱ ሙሉ አይነካም፤ የፓዱ ስስ ሽፋንም ዲስኩ ላይ አልተጋገረም። ይህ ሳይሆን ጊቤ ብትወርዱ ፓዱ ይቃጠላል፣ ዲስኩም ይንቀጠቀጣል።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ተማሪና ባጃጅ ሳይበዛ፣ ከቦዬ ወደ ሰርቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ጭር ያለ ቀጥታ ፈልጉ። ኋላችሁን በመስታወት እዩ።

1. በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጥቂት ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ ያዙ። ፍሬኑ መሥራቱን አረጋግጡ።
2. ፍጥነት ወደ 60 አድርሱ። ጠንከር ባለ፣ ግን ጎማ በማያስር ርግጫ ወደ 15 አውርዱ። ሙሉ በሙሉ አትቁሙ። ልቀቁና ወዲያው ወደ 60 ተመለሱ።
3. ከ8 እስከ 10 ጊዜ ድገሙ፤ በየመሐሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ንዱ።
4. ሽታና ትንሽ ጭስ ቢመጣ አትደንግጡ፤ የሚጠበቅ ነው።
5. ከዚያ 10 ደቂቃ ፍሬን ሳትነኩ ንዱና አቀዝቅዙ። የጋለ ፓድ ይዛችሁ አትቁሙ፤ የፓዱ ቅርጽ ዲስኩ ላይ ይታተማል፣ ፔዳሉም ይንቀጠቀጣል።

በኋላ ዲስኩን እዩ። አንድ ወጥ ግራጫ ከሆነ ተሳክቷል። ቦታ ቦታ ላይ ብቻ ከነካ አንድ ዙር ድገሙ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማ ብሎኖችን እንደገና አጥብቁ።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ቁልቁለት

ከመውረዳችሁ በፊት፣ ሜዳው ላይ እያላችሁ፣ ፔዳሉን ፈትሹ። የእጅ ፍሬኑም መያዙን እዩ።

- ብትወጡት በምትጠቀሙበት ማርሽ ውረዱ። ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ከዲ አውጥታችሁ ወደ 2፣ ኤል ወይም ቢ አድርጉ።
- ፍሬኑን እንደያዛችሁ አትውረዱ። ከ50 ወደ 35 ጠንከር ብላችሁ አውርዱ፣ ልቀቁ። ሲጨምር እንደገና። በለቀቃችሁ ቁጥር ዲስኩ ይተነፍሳል።
- ማርሽ ዜሮ አታድርጉ፣ ሞተርም አታጥፉ። ነዳጅ የሚቆጠብ የሚመስላቸው አሉ። በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጩ መኪኖች ላይ ግን ማርሽ ይዞ፣ ነዳጅ ሳይረግጡ ሲወርዱ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል፤ ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይፈሳል። ሞተር ሲጠፋ ደግሞ የፍሬን አጋዡ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል፣ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል።

ሲበላሽ፦ ፔዳሉ የሚነግራችሁ

ለስላሳ ሆኖ ይሰምጣል። ዘይቱ ፈልቷል ወይም አየር አለ። ቶሎ ቶሎ እርገጡ፣ ማርሽ አውርዱ፣ የእጅ ፍሬኑን አዝራሩን ተጭናችሁ ቀስ በቀስ ሳቡ። መብራታችሁን አብሩ፣ ጥሩምባ ንፉ፣ ወደ ተራራው ወገን ተጠጉ። ከቆማችሁ በኋላ ዘይቱ ሳይቀየር ረጅም ቁልቁለት አትውረዱ።

ደረቅ ነው፣ ግን መኪናው አይቆምም። ዘይቱ ደህና ነው፤ ፓዱ ግሎ ደክሟል። ማርሽ አውርዱ፣ ቁሙ፣ አቀዝቅዙ። በኋላ ፓዱን አውጥታችሁ እዩ። ፊቱ እንደ መስታወት ካበራ ይቀየር።

ወደ አንድ ጎን ይስባል። ፒን ወይም ፒስተን ተጣብቋል። ከጥቂት መንገድ በኋላ ቁሙና እጃችሁን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጉ፣ አትንኩ። አንዱ ከሌላው ይልቅ የሚጋረፍ ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው።

ይንቀጠቀጣል። ዲስኩ ላይ ፓዱ ወጥ ሆኖ አልተጋገረም ወይም ዲስኩ ተጣሟል። መጀመሪያ ደረጃ 7ን ድገሙ። ካልተወ ዲስኩን አስለኩ።

የእጅ ፍሬኑ ብዙ ይሳባል። የኋላው ሸራ ራቀ። ታምቡሩ ይፈታ፣ ይጽዳ፣ ይስተካከል። ኋላው ካልሠራ ፊቱ ብቻውን ይሸከማል፣ ይግላልም።

የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ አታፍሱ። መንገድ ዳር በጀሪካን ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ የጋለ የብረት ዲስክ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ጥላ ስር አቁሙ፣ ጎማውን በታኮ ወይም በድንጋይ ያዙ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ስትነሡ ድንጋዩን ከአስፋልቱ ላይ አንሡ። ከኋላችሁ በጨለማ የሚመጣ ሰው አለ።